ዓባይ ቡና ሲጠጣ፦ የቤተሰብ አኒሜሽን በሁለተኛው ምዕራፍ እንዴት ይበስላል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አራት ሆነን የቤተሰብ ኮሜዲ አኒሜሽን እንሠራለን። ታሪኩ እዚሁ ማርቆስ የሚኖር ቤተሰብ ነው፤ ሴት አያት፣ አባት፣ እናት፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድሟ። የመጀመሪያው ምዕራፍ እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ የሆኑ 12 ክፍሎች ነበሩት፤ ሰው ወደደው። ሁለተኛው ምዕራፍ መብሰል አለበት ብለን ቤተሰቡን ወደ አዲስ አበባ አዛወርነው። ከውጭ አገር የመጣ አጎት ጨመርን። ለአዋቂ የሚሆን ቀልድ አስገባን። የጎጃም አነጋገሩንም ቀነስ አደረግነው። ሦስት ክፍል ሠርተን ለዘመድ ለጎረቤት ስናሳይ ‹ሥዕሉ አምሯል፣ ግን እነዚያ ሰዎች የሉም› አሉን። የትንሹን ልጅ ድምፅ የሚሰጠን ልጅ ደግሞ 13 ሊሞላው ነው፤ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል። ምን እናድርግ?»

ሦስቱን ክፍሎች አታውጧቸው። ሌላውን ባታነቡት እንኳ ይቺን ያዙልኝ። ጎረቤቶቻችሁ ያሏችሁ ነገር ልክ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አስተያየት የትም ብትሄዱ አታገኙም። «እነዚያ ሰዎች የሉም» ማለት ቀልዱ አያስቅም ማለት አይደለም። የምናውቃቸው ሰዎች ጠፉብን ማለት ነው።

ስህተቱ የጀመረው መብሰል ምን እንደሆነ ስታስቡ ነው። ቦታው ይስፋ፣ ሰው ይብዛ፣ ቀልዱ ይክበድ ማለት መሰላችሁ። ወጥ የሚበስለው ድስት በመቀየር አይደለም። ያው ሽንኩርት እዚያው ድስት ውስጥ ቆይቶ ነው። የቤተሰብ ኮሜዲም የሚበስለው ያው ሰው እዚያው ቤት ቆይቶ፣ ትናንት የሆነበት ነገር ዛሬ ፊቱ ላይ ሲታይ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራው ማስተዋወቅ ነው። አያት በነገር ይወጋሉ። አባት ቃል ይገባል፣ ይረሳል። እናት ሁሉን ሰምታ ዝም ትላለች። ልጅቷ ትጠይቃለች። ትንሹ ያገኘውን ይሰብራል። ተመልካች እነዚህን ጠባዮች እስኪለምድ መደጋገም ይፈልጋል፤ ስለዚህ አባት በ12 ክፍል 12 ጊዜ ቢረሳ ማንም አይከፋውም። በ13ኛው ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንደሚረሳማ ሰው አወቀ። አሁን ማወቅ የሚፈልገው ለምን እንደሚረሳ፣ ሲረሳስ ማን እንደሚያዝን ነው። ብዙ ቡድን የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ጠባዩ ያለቀበት ይመስለውና አዲስ ሰው ያመጣል። አጎታችሁም የመጣው በዚህ ድንጋጤ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት በጽሑፍ አርታዒነት በሠራሁበት አንድ ተከታታይ ላይ በዚሁ ድንጋጤ ጎረቤት ጨምረን ነበር። ጎረቤቱ እየሳቀ እየገባ እየወጣ ሦስት ክፍል በላ፤ የቤቱ ሰዎች ደግሞ የእሱ ተመልካች ሆነው ቀሩ።

በዓለም ላይ በጣም የታወቀውን ምሳሌ እንይ። ዘ ሲምፕሰንስ የተባለው የአሜሪካ የቤተሰብ አኒሜሽን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው በሌላ ፕሮግራም መሀል የሚገባ አጭር ሥዕል ሆኖ ነው። በ1989 መጨረሻ ራሱን ችሎ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ሆነ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 13 ክፍል ነበረው፤ በጥቅምት 1990 የጀመረው ሁለተኛው 22። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ጥሬ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የተሠራው ክፍል ሥዕሉ ከውጭ ስቱዲዮ ሲመጣ አዘጋጆቹን ስላላስደሰታቸው ብዙው እንደገና ተሠራ። የታየውም የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ነው። የአባትየው የሆመር ድምፅ ራሱ ሌላ ነበር። ድምፁን የሚሰጠው ዳን ካስትላኔታ መጀመሪያ ላይ የተዋናዩን የዋልተር ማታውን አነጋገር ይዞ ነበር የሚናገረው፤ በዚያ ድምፅ ረጅም ሰዓት መቅረጽ ስላስቸገረው ቀስ በቀስ ለወጠው። በሁለተኛው ምዕራፍ አባትየው ዛሬ ወደምናውቀው ድምፅ ተጠጋ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ድምፅ ሆመር ይነጫነጫል፣ ይቆጣል። በአዲሱ ድምፅ ግን ማፈር፣ መለማመጥ፣ ማልቀስም ቻለ። ድምፁ ሲላላ ሰውየውም ላላ።

በዚያው ምዕራፍ፣ በሚያዝያ 1991 የታየ አንድ ክፍል አለ፤ ሁሌም ለጀማሪዎች የማነሳው እሱን ነው። ልጅቷ ሊሳ አንድ ተተኪ መምህር በጣም ትወዳለች። መምህሩ ጊዜው አልቆ ይሄዳል። አባቷ ሐዘኗ አልገባ ይለዋል፤ እሷም ተናዳ ዝንጀሮ ብላ ትሰድበዋለች። መጨረሻ ላይ መኝታ ክፍሏ ይገባና በተሰደበበት ስም ዝንጀሮ ሆኖ ያስቃታል። ልብ በሉ፤ እዚህም እንግዳ መጥቷል። ግን የመጣው አባትና ልጅን ሊያሳየን ነው። ሥራውን ጨረሰ፣ ሄደ። የእናንተም አጎት ከፈለጋችሁት ለአንድ ክፍል ይምጣ፣ ሻንጣውን ይፍታ፣ የሆነ ነገር ያነካካና ይሂድ። አብሮ አይኑር።

ሌላው ብሉዊ ነው፤ ስለ አንድ የውሾች ቤተሰብ የሚናገር የአውስትራሊያ አኒሜሽን። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2018፣ ሁለተኛው በ2020 ጀመረ። ሁለቱም 52 ክፍል አላቸው፤ አንዱ ክፍል 7 ደቂቃ ገደማ ነው። ቤቱ አልተቀየረም፣ ቤተሰቡም ያው አራት ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ግን ታናሽየዋ ሌሊቱን ሙሉ በራሷ አልጋ ለማደር የምትሞክርበት ክፍል አለ፤ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፣ ሕልሟና የእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ የሆልስት ሙዚቃ ነው የሚሸከመው። በመጀመሪያው ምዕራፍ እንዲህ ዝም ማለት ይከብዳል፣ ተመልካች ገና ሰዎቹን አያውቃቸዋማ። ሲያውቃቸው ግን ዝምታውም ይገባዋል። እናንተ ዘንድ ይህን የምትሸከመው እናት ናት። 12 ክፍል ሙሉ ዝም ያለች ሴት አንድ ቀን ብቻዋን ቤት ውስጥ ስትሆን ምን ታደርጋለች? አንድ ክፍል ሙሉ ስጧት። አንድም ቃል አትናገር።

ለአዋቂ ቀልድ አስገባን ያላችሁት ነገር ግን ከልቤ አሳዝኖኛል፤ ጎጃም ተቀምጣችሁ ይህን ከሌላ አገር ፍለጋ መውጣታችሁ። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው የተጠራው ከዚሁ ምድር ነው። ሰምና ወርቅ ደግሞ ለቤተሰብ ኮሜዲ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ንግግሩ አንድ፣ ሰሚው ሁለት። ልጅ በሰሙ ይስቃል፣ አዋቂ በወርቁ። ለአዋቂ ብቻ የተለየ ቀልድ ስታስገቡ ግን ልጁ «ምን አሉ?» ይላል፣ እናቱም ሪሞቱን ታነሳለች። አንድ ክፍል ላይ አንድ ቤተሰብ አጣችሁ ማለት ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በራሳችሁ ታሪክ ላሳያችሁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አባት ልጆቹን «ደጀን ወርደን ዓባይን አሳያችኋለሁ» እያለ በተደጋጋሚ ቃል ገብቷል። አንዴም አልወሰዳቸውም። ሁለተኛውን ምዕራፍ በዚህ ክፈቱት። ጠዋት ነው፣ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ቤቱን ይዞታል፣ ቡና ተፈልቷል፣ አባት ጋቢውን ተከናንቦ ስኒ ይዟል። ትንሹ ልጅ ይጠይቃል፤ «ዓባይን መቼ ነው የምናየው?» አያት ከመደቡ ላይ ሳይነሱ ይመልሳሉ፤ «አባይን ለማየት ምን ደጀን አስኬደህ ልጄ፤ ይኸው እዚሁ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል።»

ትንሹ ይስቃል። ወንዝ ስኒ ይዞ ቡና ሲጠጣ ታይቶታል፤ እናንተም ለሁለት ሰከንድ ሣሉት፣ ልጆች ይንፈራፈራሉ። እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ዓባይ ወንዙ ነው፣ አባይ ደግሞ ውሸታም ነው፣ ጆሮ ላይ ሁለቱ ያው ናቸው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ቀልድ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም ይጽፈው ነበር። የሁለተኛው ምዕራፍ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ካሜራው ወደ ልጅቷ ይሂድ። ዓምና ቢሆን ከወንድሟ እኩል ትስቅ ነበር። ዛሬ ትንሽ ትዘገያለች። አያቷን ታያለች፣ አባቷን ታያለች፣ ከዚያ ትስቃለች። ወርቁ ገባት። አባትም የልጁን ሳቅ ሰምቶ ስኒውን ያስቀምጣል። ሌላ ምንም አትጨምሩ፤ ሙዚቃም ቢሆን።

በብዙ አኒሜሽን ልጆች አያድጉም፣ ልብሳቸውም አይለወጥም። ማስተዋላቸው ግን ያድጋል። ዓምና በሰሙ የሳቀች ልጅ ዘንድሮ በወርቁ ስትስቅ ተመልካቹ አንድ ዓመት እንዳለፈ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ራሱ ይጎትታችኋል። አባት ለምን አይወስዳቸውም? ሰነፍ ነው ካላችሁ አለቀ፣ የሚጻፍ የለም። ግን በወጣትነቱ የአይሱዙ ረዳት ነበር እንበል፤ የዓባይን በረሃ ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ብሎ ለጥቂት ተርፏል፣ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አሁን እያንዳንዱ «ረሳሁት» ወደ ኋላ ተመልሶ ትርጉሙ ይለወጣል። 12ቱን ክፍሎች ደግሞ ያየ ሰው ሌላ አባት ያያል። ይህን ምስጢር ግን በሦስተኛው ክፍል አታፍስሱት። ወደ መጨረሻው ይቆይ፣ ሲወጣም በግማሽ ደቂቃ ይውጣ፤ ለሚስቱ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ወደ ምጣዱ እያየ። እሷም «ታዲያ እኔ ከጎንህ ልቀመጣ» ትበለው። ኮሜዲ እንደሆነ ይቆይ፣ ልቅሶ ቤት አታድርጉት።

አያትንም እንዲሁ መርምሯቸው። ቃሉን ከየት አመጡት? አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ በሉ፤ እሳቸው ልጅ ሆነው ከጓዳ እየሰሙ ነው የተማሩት። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ወይ የሚል ቢመጣ፣ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው በዚሁ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ መሠረታችሁ ጽኑ ነው። ከቅኔ ቤት ሌላም የምትወስዱት ትምህርት አለ። ተማሪው ሁለት ቤት (መስመር) ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። ባለቅኔ ደግሞ ትናንት ዘርፎ ያስጨበጨበበትን ዛሬ መልሶ አይልም። አያት ዓምና ያሉትን ዘንድሮ አያስደግሟቸው። ሰው «እንደዚያኛው ያለ ጨምሩልን» ይላችኋል፤ የሚጠይቃችሁ ያንኑ ቃል ሳይሆን ያንኑ ደስታ ነው።

የጎጃም አነጋገሩን መልሱት። ይህ ላይ አልደራደርም። አነጋገሩን ስትቀንሱ የቀነሳችሁት ቃል ብቻ አይደለም፤ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ጠፋ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ትንሹ እህቱን «እታለም» ሲላት መከባበሩም ቅናቱም አብሮ ይሰማ ነበር። በአዲሶቹ ክፍሎች በስሟ ይጠራታል። ጎረቤቶቻችሁ ሰዎቹ የሉም ያሉት አንዱ በዚህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ያለ ተመልካች አይገባውም ብላችሁ ከሆነ አትስጉ፤ አንድ ቃል ቢያመልጠው ከፊቱ ያገኘዋል።

ስለ ፊት ካነሳን፣ የላካችሁልኝ ክፍል ላይ ሥዕሉ አምሯል፣ አፉ ግን ከቃሉ ጋር አይሄድም። አያት «እማማ ድረሽ» ሲሉ ከንፈራቸው አይገጥምም። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የአፍ ቅርጽ እንደወሰዳችሁ ያስታውቃል። የራሳችንን ሥሩ፤ ፊደላችን ሠርቶ አስቀምጦላችኋል። በ፣ መ፣ ፐ፣ ጰ ላይ ከንፈር ይገጥማል። ፈ ላይ የታችኛው ከንፈር የላይ ጥርስ ይነካል። ካዕብና ሳብዕ ላይ ከንፈር ይሾላል፣ ራብዕ ላይ አፍ ይከፈታል፣ ሣልስና ኀምስ ላይ ወደ ጎን ይለጠጣል። እንደ ቋ እና ጓ ያሉት መጀመሪያ ሾለው ከዚያ ይከፈታሉ። አንዴ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከሠራችሁት ምዕራፉን ሙሉ ይበቃችኋል። ድምፁንም ከሥዕሉ በፊት ቅረጹ። ሥዕል ከድምፅ ይከተላል እንጂ ድምፅ ከሥዕል ጀርባ አይሮጥም፤ ሰው አያቱን አስመስሎ ሲናገር የሚያመጣው ማመንታትና መተንፈስ በስክሪፕት ላይ አይጻፍም።

አሁን ወደ አቅማችሁ። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብላችሁ ከሠራችሁ 5 ደቂቃ 7,200 ፍሬም ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብትይዙት 3,600 ይሆናል። 12 ክፍል ማለት 43,200። የሰውነት ክፍሎችን እያንቀሳቀሳችሁ ብዙውን ብታቃልሉትም አራት ሰው ነው ያላችሁ። የሁለተኛ ምዕራፍ ትልቁ ጥቅም ቤቱ፣ መደቡ፣ ግቢው፣ አረማመዱ ተሥሎ መቀመጡ ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ ይህን ሁሉ ጣላችሁት። የሚተርፋችሁን ጊዜ ብዙ ክፍል ለመሥራት አታውሉት፤ ለጽሑፍና ለፊት ስጡት። ሲምፕሰንሶች ወደ 22 ክፍል ሲያድጉ ከኋላቸው የጸሐፊዎች ቡድንና ትልቅ ጣቢያ ነበር። ቦብስ በርገርስ የተባለው ሌላው የአሜሪካ የቤተሰብ አኒሜሽን ደግሞ ከ13 ወደ 9 ክፍል ወርዶ ነው ሁለተኛውን ምዕራፍ ያሳየው፤ ቁጥር መቀነስ ውድቀት አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ስምንት ክፍል ሥሩ። ሁሉም ማርቆስ ውስጥ ይሁን፣ ከመጨረሻው በስተቀር፤ በመጨረሻው ቤተሰቡ ዓባይን ያያል። ስምንቱንም ስክሪፕት ሳትጨርሱ አንድም ሥዕል አትጀምሩ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ አንዱ ክፍል ሌላውን ያስታውሳል። ግን እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ቢታይም ይግባ፤ ከመሀል የገባ ልጅ ቀልዱን ማጣት የለበትም። ስክሪፕቱን ቤተሰብ ሰብስባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያ ስቶሪቦርዱን፣ ታሪኩን በቅደም ተከተል የሚያሳዩትን ንድፎች፣ ከድምፁ ጋር ደርድራችሁ፣ አኒማቲክ የሚባለውን ጥሬ ቪዲዮ ለዚያው ቤተሰብ አሳዩ። በጥሬው ያላሳቀ ነገር በቀለም አያስቅም። በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ምክር የምትሰጡበትንም ልማድ ተዉት፤ በአዲሶቹ ሦስት ክፍሎች ሁሉ አያት ወደ ካሜራው ዞረው ይመክራሉ። ተረት በምክር ቢያልቅ ያምርበታል፤ ይህ ግን ቤት ነው፣ ቤት ውስጥ ሰው ከተጣላ በኋላ ራት ይበላል።

የልጁ ድምፅ ቀረ። ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ሌላ ልጅ ማምጣት ነው፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው ለትልቅ ሴት መስጠት ነው። የሲምፕሰንሱን ልጅ ባርትን ከ1987 ጀምሮ የምታናግረው ናንሲ ካርትራይት ናት፤ ልጁም እስከዛሬ 10 ዓመቱ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከቡድናችሁ ወይም ከጎረቤት የልጅ ሳቅ መሳቅ የምትችል ሴት ፈልጉ። ድምፁን በኮምፒውተር አቅጥኖ ማለፍ ግን አይሆንም፤ በተለይ ሲስቅና ሲያለቅስ ያስታውቃል። የቀድሞውንም ልጅ ዝም ብላችሁ አታሰናብቱት፤ ይህን ቤት አብሯችሁ የሠራ ልጅ ነው። ለአዲሷ ድምፅ ሰጪ እሱ ያሳያት፣ እሱም ለጎረምሳ የአጎት ልጅ ድምፅ አንድ ክፍል ላይ ይምጣ። ከሁሉ በፊት ግን አሁን ያለውን ድምፁን ቅረጹት፤ ሳቁን፣ ልቅሶውን፣ ሲሮጥ ትንፋሹን፣ «እታለም!» ብሎ ከግቢ ሲጣራ፣ እያንዳንዱን በሦስት በአራት ዓይነት። በዚህ ሳምንት አድርጉት፤ የጎረነነ ድምፅ ተመልሶ አይቀጥንም።